ከገቨርነሩ በታች ያለው ረጅም ዝርዝር፦ የሜሪላንድን የኖቬምበር 2026 የምርጫ ወረቀት አንብቦ መሙያ መመሪያ

በ2022ቱ ምርጫ ማግስት አንዲት ጎረቤቴን "ምርጫው እንዴት ነበር?" አልኳቸው። "ገቨርነሩን መርጬ ወጣሁ። የቀሩትን አላወቅኳቸውም" አሉኝ። ወረቀቱን ገልብጠው አላዩትም ነበር። እኚህ እናት ሦስት ልጆች በሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች አሳድገዋል። ሳያዩት የወጡት የትምህርት ቦርድ ምርጫ ግን የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚመለከት ነበር።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለመምረጥ እንሄዳለን፣ እንሰለፋለን፣ ከዚያ አንድ ክብ አጥቁረን እንወጣለን። ይህ መመሪያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ከፊት እስከ ጀርባ እንድትጨርሱት ነው። ማንን እንደምትመርጡ አልነግራችሁም። በዋናነት የተጻፈው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተንና ጀርመንታውን ላሉ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪዎች ነው። ሌላ ካውንቲ ብትሆኑም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

ደረጃ 1፦ መምረጥ መቻላችሁን አረጋግጡ

ዜግነት። በዚህ ምርጫ የሚመርጠው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከተመዘገበ ወይም ከመረጠ የዜግነት ማመልከቻው ሊበላሽበት፣ ከአገር እስከ መባረርም ሊያደርሰው ይችላል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ "ለምርጫ ልመዝግብህ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ዜጋ ካልሆናችሁ "አይ" በሉ። ሠራተኛው ቢያግባባችሁም "አይ" በሉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ታኮማ ፓርክ ከተማ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿንም ለከተማዋ ምክር ቤት እንዲመርጡ ትፈቅዳለች። ከ16 ዓመት ጀምሮ ያሉ ወጣቶችም ይመርጣሉ። የከተማዋ ምርጫ ግን ከስቴቱ ጋር በአንድ ሰሞን ነው የሚካሄደው። የከተማው ወረቀት ሌላ ነው፣ የስቴቱ ሌላ ነው። ዜጋ ካልሆናችሁ የከተማውን ብቻ ሙሉ። የትኛውን እንደያዛችሁ ከተጠራጠራችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የከተማውን ጸሐፊ ቢሮ ጠይቁ።

ምዝገባ። ወደ ሜሪላንድ የምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ግቡ። "ቮተር ሉክአፕ" የሚለውን ፈልጉ። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቀንና ዚፕ ኮድ አስገቡ።

"አልተገኘም" ካላችሁ አትደንግጡ። የእኛ ሰው ስም ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በሦስት ምክንያት ነው።

አንደኛው የስሞች ቦታ ነው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ይገባል፣ እኛ ደግሞ የአባታችንን ስም እንጽፋለን። ሁለተኛው የፊደል አጻጻፍ ነው፤ አንዱ ቦታ በአንድ "ኤስ" ሌላው ቦታ በሁለት። ሦስተኛው የትውልድ ቀን ነው። ስንመጣ ወረቀት ላይ የሰፈረው ቀንና እናታችን የነገረችን ቀን አንድ አይደሉም። መፍትሔው ቀላል ነው። መንጃ ፈቃዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር እሱን ገልብጡ።

እንደዚያም ሆኖ ካልተገኘ አልተመዘገባችሁም ማለት ሊሆን ይችላል። የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ካላችሁ ኦንላይን ተመዝገቡ። ከሌላችሁ የወረቀት ፎርም ሞልታችሁ ላኩ። ቤት ከቀየራችሁም አድራሻውን አሁኑኑ አስተካክሉ። ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታዩታላችሁ።

ታስረው የወጡ ሰዎችም "እኔ አልችልም" እያሉ ይቀራሉ። በሜሪላንድ ከእስር ከወጣችሁ፣ በፕሮቤሽን ላይ ብትሆኑም፣ መምረጥ ትችላላችሁ።

ደረጃ 2፦ ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ

ቤት ውስጥ በኢትዮጵያ ሰዓት የምንነጋገር ሰዎች "በሰባት ሰዓት ይከፈታል" ሲባል ከምሳ በኋላ የሚመስለን አለን። ስለዚህ ይህን ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ።

የመደበኛ ምዝገባ መጨረሻ፦ ኦክቶበር 13፣ 2026 (ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.)።

የቅድሚያ ምርጫ፣ ማለትም ኧርሊ ቮቲንግ፦ ከሐሙስ ኦክቶበር 22 እስከ ሐሙስ ኦክቶበር 29 (ከጥቅምት 12 እስከ 19)። ካውንቲያችሁ ውስጥ ባለ በየትኛውም የቅድሚያ ምርጫ ጣቢያ መምረጥ ይቻላል።

የምርጫው ቀን፦ ማክሰኞ ኖቬምበር 3 (ጥቅምት 24)። በዚህ ቀን የምትሄዱት ወደተመደባችሁበት ጣቢያ ብቻ ነው።

ጣቢያዎቹ የሚከፈቱት በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 7 ሲሆን የሚዘጉት ምሽት 8 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው።

ሁለት ሥራ ለምትሠሩ ወይም ሌሊት ለምትነዱ ምክሬ አንድ ነው፦ የቅድሚያውን ምርጫ ተጠቀሙ። ስምንት ቀን አላችሁ። አንድ ቀን መኪናው ቢበላሽ በማግስቱ ትሄዳላችሁ።

ደረጃ 3፦ የራሳችሁን ናሙና ወረቀት አውጡ

የጓደኛችሁን ሳይሆን የራሳችሁን። ከመንገዱ ማዶ ያለ ጎረቤት ሌላ የምክር ቤት ወረዳ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ የሚወሰነው በተመዘገባችሁበት አድራሻ ነው። አሮጌ አድራሻ ካለ የአሮጌውን ሰፈር ተወዳዳሪዎች ነው የምታገኙት።

1. በደረጃ 1 የገባችሁበት ገጽ ላይ ተመለሱ። ምርጫው ሲቃረብ የእናንተ ናሙና ወረቀት እዚያው ይወጣል።

2. አትሙት። ማተሚያ ከሌላችሁ ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ አትሙ። የካውንቲው የምርጫ ቦርድም ናሙናውን በፖስታ ይልካል። ማስታወቂያ መስሏችሁ አትጣሉት።

3. በሁለቱም ገጽ መታተሙን እዩ።

ማሳሰቢያ፦ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ናሙና የሚመስል ወረቀት የሚያድሉ ሰዎች ይኖራሉ። በሞንትጎመሪ የመምህራን ማኅበር የሚያድለው በፖም ቅርጽ የተቆረጠ ወረቀት የታወቀ ነው። ይህ ማኅበሩ የሚደግፋቸው ሰዎች ዝርዝር እንጂ የመንግሥት ናሙና አይደለም። ማንበብ ትችላላችሁ። ግን የማን ሐሳብ እንደሆነ እወቁ።

ደረጃ 4፦ መስመር በመስመር አንብቡት

እስክሪብቶ ያዙ፣ ቡና ይቅረብ። አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ቅደም ተከተሉ ትንሽ ሊለያይ ይችላል።

መጀመሪያ የሌለውን ልንገራችሁ። ፕሬዚዳንት የለም። በ2026 ከሜሪላንድ የሚመረጥ የአሜሪካ ሴናተርም የለም። ወረቀቱ ላይ "ሴናተር" የሚል ስታዩ የስቴቱ ሴናተር ነው፣ ሥራው በስቴቱ ዋና ከተማ በአናፖሊስ ነው።

ገቨርነርና ምክትል ገቨርነር። ሁለት ስም፣ አንድ ክብ። አንዱን ከዚህ ሌላውን ከዚያ ማዳቀል አይቻልም።

ኮምፕትሮለር። አጻጻፉ ያስፈራል፣ ሲነበብ "ኮንትሮለር" ነው። የስቴቱን ግብር የሚሰበስበው ቢሮ ኃላፊ ነው። የስቴት ታክስ ተመላሻችሁ የሚመጣው ከዚህ ቢሮ ነው። ትልልቅ የስቴት ኮንትራቶችን በሚያጸድቀው ቦርድ ላይም ከገቨርነሩና ከስቴቱ ገንዘብ ያዥ ጋር ይቀመጣል። ገንዘብ ያዡን የሚመርጠው ግን ሕግ አውጪው ምክር ቤት ስለሆነ ወረቀቱ ላይ አትፈልጉት።

አተርኒ ጄኔራል። የስቴቱ ጠበቃ ነው። ኮንትራክተር ወይም መኪና ሻጭ ሲያጭበረብራችሁ አቤት የምትሉበት የሸማቾች ጥበቃ ክፍል በዚህ ቢሮ ሥር ነው።

ኮንግረስ። ወደ ዋሽንግተን የምትልኩት የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነው። ሜሪላንድ 8 ወንበር አላት፣ እናንተ የምትመርጡት አንድ ብቻ ነው። ዘመኑ 2 ዓመት ነው።

የስቴት ሴናተርና ደለጌቶች። እዚህ ቆም በሉ። በስቴቱ 47 ሴናተሮችና 141 ደለጌቶች (የስቴቱ ታችኛው ምክር ቤት አባላት) አሉ። ከወረዳችሁ የምትመርጡት ሴናተር አንድ ነው። ደለጌት ግን በብዙ ወረዳ እስከ 3 ሰው ትመርጣላችሁ። ወረዳው የተከፋፈለባቸው አካባቢዎች 1 ወይም 2 ብቻ የሚመርጡ አሉ። ከርዕሱ ሥር "እስከ ይህን ያህል ምረጡ" የሚል ጽሑፍ አለ። ያንን ቁጥር በእስክሪብቶ አክብቡት። ሦስት በተባለበት አራት ካጠቆራችሁ አራተኛው ብቻ ሳይሆን የዚያ ክፍል ድምፃችሁ በሙሉ ይወድቃል። ሁለት ብቻ ብትመርጡ ግን ችግር የለውም።

የካውንቲ ኤግዘክዩቲቭ። ካውንቲውን የሚመራው ሰው ነው። የሞንትጎመሪ መራጮች በ2024 ይህን ሥልጣን በሁለት ዘመን ገድበውታል። ስለዚህ አሁን ወንበሩ ላይ ያሉት ሰው ለዚሁ ወንበር ዳግም አይወዳደሩም።

የካውንቲ ምክር ቤት። የሞንትጎመሪ ምክር ቤት 11 አባላት አሉት። 7ቱ ከየወረዳው፣ 4ቱ ከመላው ካውንቲ ይመረጣሉ። ስለዚህ ሁለት ቦታ ትሞላላችሁ፤ አንድ የወረዳችሁን ሰው፣ ከዚያ በተጨማሪ "አት ላርጅ" በሚለው ሥር እስከ 4 ሰው። ብዙ ሰው አት ላርጁ ላይ አንድ ስም ብቻ ሞልቶ ያልፋል። አራት ድምፅ እንዳለው ስላላወቀ ነው።

አፓርታማ ለምትከራዩ ይህ ምክር ቤት ሩቅ አይደለም። በ2023 ያወጣው ሕግ የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። አዳዲስ ሕንፃዎችን ግን አይነካም። የቤት ግብሩን መጠንና የካውንቲውን በጀትም የሚወስነው ይኸው ምክር ቤት ነው። የኪራይ ውል እጃችሁ ላይ ካለ አውጡና ከተወዳዳሪዎቹ አቋም ጋር አስተያዩት።

ስቴትስ አተርኒ። ከአተርኒ ጄኔራሉ ጋር አታምታቱት። ይህ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ነው። በካውንቲው ውስጥ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከሳሹ የእሱ ቢሮ ነው።

ሸሪፍ። በሞንትጎመሪ መንገድ ላይ የሚያስቆማችሁ ፖሊስ ለሸሪፉ አይደለም የሚሠራው። የሸሪፉ ሰዎች ፍርድ ቤት ይጠብቃሉ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ያደርሳሉ፣ ከቤት የማስወጣት ትእዛዝ ያስፈጽማሉ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት የተሰጠ የጥበቃ ትእዛዝም ያደርሳሉ።

የሰርኪዩት ፍርድ ቤት ክለርክ። የጋብቻ ፈቃድ ያወጣችሁበት፣ የቤታችሁ የባለቤትነት ሰነድ የተመዘገበበት ቢሮ ነው።

ሬጂስተር ኦፍ ዊልስ። የኑዛዜና የውርስ ቢሮ ነው። ወላጅ የሞተበት ሰው ቤቱን ወደ ስሙ ለማዛወር የውርሱን ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ነው። በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በዚሁ የውርስ ጉዳይ ላይ የሚፈርዱ የ"ኦርፋንስ ኮርት" ዳኞችም ይመረጣሉ። ስሙን ስታዩ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ እንዳይመስላችሁ። በሞንትጎመሪ ይህ ምርጫ የለም።

ዳኞች። በሁለት መልክ ሊመጡ ይችላሉ። የሰርኪዩት ዳኞች በስም ይወዳደራሉ፣ ከስማቸው ጎን ፓርቲ አይጻፍም። የከፍተኛዎቹ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች ዳኞች ግን ተቀናቃኝ የላቸውም። ጥያቄው "በሥራቸው ይቀጥሉ?" ነው። "አዎ" ወይም "አይ" ብቻ ትመልሳላችሁ።

የትምህርት ቦርድ። የሞንትጎመሪ ቦርድ 8 አባላት አሉት። 7ቱን እኛ እንመርጣለን፣ አንዱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል። የትምህርት ቤቶችን የበላይ ኃላፊ የሚቀጥረው፣ ልጃችሁ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚመደብ የሚወስነውን የክልል መስመር የሚያሰምረው ይህ ቦርድ ነው። ይህም ያለ ፓርቲ ስም ነው የሚቀርበው። በፓርቲ ብቻ የሚመርጥ ሰው እዚህ ሲደርስ ግራ ይጋባል። ስለዚህ ስሞቹን ቀድማችሁ አጥኑ። እንደ ጎረቤቴ የሚያመልጣችሁ እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ በወረቀቱ ጀርባ ነው የሚገኘው።

ጥያቄዎች። በመጨረሻ ለሕዝብ ውሳኔ የቀረቡ ጥያቄዎች ይመጣሉ። በቁጥር የተሰየመው የስቴቱ ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተሰየመው የካውንቲው ነው። አጻጻፉ የጠበቃ ቋንቋ ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ "አዎ ካልኩ ምን ይለወጣል?" ብላችሁ አንብቡት። መልሱን በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም። እንግሊዝኛ የሚቀናቸውን ልጆች አስቀምጡና አብራችሁ አንብቡ።

ደረጃ 5፦ ውሳኔያችሁን ወረቀት ላይ ይዛችሁ ሂዱ

ስልክ ላይ አትጻፉት። ጣቢያው ውስጥ ስልክ መጠቀም አይፈቀድም። የታተመ ወይም በእጅ የተጻፈ ወረቀት ግን ይፈቀዳል። የሞላችሁትን ናሙና አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ስትወጡ ክፍሉ ውስጥ ጥላችሁ አትውጡ።

ወረቀቱ በሞንትጎመሪ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። አማርኛ የለበትም። እናታችሁ ማንበብ ካልቻለች የምታምነውን ሰው ይዛ መግባት መብቷ ነው። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ሊሆን ይችላል። አሠሪዋ ወይም የሠራተኛ ማኅበሯ ተወካይ ግን መሆን አይችልም። ረዳቱ ፎርም ይፈርማል። ረዳት ለምትሆኑ ደግሞ፦ አንብቡላት፣ ጠይቋት፣ እሷ ያለችውን አጥቁሩ። "ይሄኛው ይሻላል እማዬ" አትበሏት።

ደረጃ 6፦ ጣቢያው ውስጥ

1. ስም፣ አድራሻና የተወለዳችሁበትን ቀን ይጠይቋችኋል። አብዛኛው መራጭ መታወቂያ ማሳየት አይጠበቅበትም። በፖስታ ተመዝግቦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጥ ሰው ግን ሊጠየቅ ይችላል። ይዛችሁ ብትሄዱ አትጎዱም።

2. ወረቀቱን ስትቀበሉ ከናሙናችሁ ጋር አስተያዩ። የወረዳው ቁጥር ከተለየ ሳትጽፉበት መልሱና ጠይቁ።

3. ክቡን ሙሉ በሙሉ አጥቁሩ። ራይት ምልክት ወይም ኤክስ አታድርጉ።

4. ገልብጡ። የጀርባውንም ሙሉ።

5. ወደ ስካነሩ ራሳችሁ አስገቡ። መቀበሉን የሚገልጽ መልእክት እስኪመጣ ከማሽኑ አትራቁ።

ደረጃ 7፦ በፖስታ የምትመርጡ ከሆነ

ወረቀቱ በፖስታ እስከ ቤታችሁ ድረስ እንዲመጣ የምትጠይቁበት የመጨረሻ ቀን ኦክቶበር 27 (ጥቅምት 17) ነው። ግን እስከዚያ አትጠብቁ። በኢሜይል እንዲላክ ከጠየቃችሁ ራሳችሁ ማተምና በራሳችሁ ፖስታ መላክ አለባችሁ። ለእድሜ ባለጸጎች በፖስታ የሚመጣው ይቀላል። መመለሻ ፖስታው ቴምብር አይፈልግም።

በጣም የሚዘነጋው ፊርማው ነው። በመመለሻ ፖስታው ላይ ያለውን የቃል ማረጋገጫ ፈርሙ። ባልና ሚስት ፖስታ ተቀያይራችሁ እንዳትፈርሙ፣ አንድ በአንድ ሙሉ። እኔ ቤት አንዱ ጨርሶ ሳያሽግ ሌላው አይጀምርም። ከዚያ የምርጫ ቦርዱ ወዳስቀመጠው የምርጫ ወረቀት መቀበያ ሳጥን (ድሮፕ ቦክስ) ውሰዱት። እስከ ኖቬምበር 3 ምሽት 8 ሰዓት (በእኛ 2 ሰዓት) ክፍት ነው። ፖስታ ቤት ብትወስዱትም እስከዚያ ቀን ድረስ ማኅተም መመታት አለበት። እኔ ሳጥኑን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ተሳስታችሁ ካጠቆራችሁ። አትሰርዙ፣ አትፋቁ። "አዲስ ወረቀት ስጡኝ" በሉ። ስካነሩ ከልክ በላይ መርጣችኋል ብሎ ካስጠነቀቀም እንዲሁ። ማስጠንቀቂያውን አልፋችሁ "ተቀበል" የሚለውን አትጫኑ።

ምዝገባው ካመለጣችሁ። አላለቀም። በቅድሚያ ምርጫው ቀናት ወይም በምርጫው ቀን በተመደባችሁበት ጣቢያ ተመዝግባችሁ ወዲያው መምረጥ ትችላላችሁ። አድራሻችሁ ያለበት መንጃ ፈቃድ፣ የመብራት ወይም የውኃ ቢል፣ የባንክ ወረቀት ወይም የደሞዝ ወረቀት ያዙ።

ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ። ተናዳችሁ አትውጡ። መጀመሪያ የአያት ስም በመጨረሻ ስም ቦታ እንዲፈለግ ጠይቁ። ካልተገኘ "ፕሮቪዥናል ባሎት" በሉ። ይህ መብታችሁ እስኪጣራ ለብቻው የሚቀመጥ ጊዜያዊ የምርጫ ወረቀት ነው። እሱን ሞልታችሁ ትሰጣላችሁ፣ ቦርዱ አጣርቶ ይቆጥረዋል።

የተሳሳተ ጣቢያ ከሄዳችሁ። ጊዜ ካለ ወደ ትክክለኛው ሂዱ። እዚያው በፕሮቪዥናል ከመረጣችሁ ገቨርነሩ ይቆጠራል፣ የእናንተ ወረዳ ያልሆነው የምክር ቤት ምርጫ ግን አይቆጠርም።

በፖስታ ጠይቃችሁ ወረቀቱ ካልመጣ። ወደ ጣቢያው ሂዱ፣ በፕሮቪዥናል ያስመርጧችኋል።

ሥራ አስመሽቷችሁ ከዘገያችሁ። ከምሽት 8 ሰዓት (በእኛ 2 ሰዓት) በፊት ሰልፉ ውስጥ ከነበራችሁ በሩ ቢዘጋም ትመርጣላችሁ። ከሰልፉ አትውጡ።